አባይ ማደሪያ ባይኖረው አፈሩ ግን ማደሪያ አለው

ሰሞኑን ስለ አፈራችን መጠረግ የተጻፈ አንድ ረጅም ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር፣ ለኔ ብቻ ከአምስት ሰው ደርሶኛል፣ የመጨረሻዋ ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት፣ «አንተ ስንት ዓመት ደለል ስትለካ የኖርክ ሰው አይደለህ እንዴ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው? እኔ አልቅሼ ነው የጨረስኩት» ብላ ነው የላከችልኝ። አነበብኩት፣ አላለቀስኩም ግን ተናደድኩ። ሁለተኛ ሳነበው ደግሞ ንዴቱ በረድ አለልኝ ምክንያቱም ጸሐፊው ለአገር የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ከየመስመሩ ያስታውቃል፣ አማርኛቸውም ያምራል። ችግሩ ያማረ አማርኛ የተሳሳተ ነገር ተሸክሞ ሲሄድ ማን ያቆመዋል፣ ይኸው ዱባይ ደርሶ ሰው አስለቅሷል።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ከሚለው ተረት ይነሳና አምስት ነገር ይላል። አንደኛ ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበር፣ ወንዞቻችንም ጥርት ያሉ ነበሩ፣ ሸለቆው መቦርቦር የጀመረው ያ ደን ሲመነጠር ነው። ሁለተኛ የአባይ ሸለቆ ራሱ «ገበሬ በማረሻ የከፈተው ቁስል» ነው። ሦስተኛ በየዓመቱ 1.5 ቢሊዮን ቶን አፈራችን ግብፅ ይገባል፣ ግብፅ ዛሬም የምታርሰው የኛን መሬት ነው። አራተኛ ሕዳሴ ግድብ በ25 ዓመት ውስጥ በደለል ይሞላል። አምስተኛ የሄደ አፈር አይመለስም፣ የቀረን ነገር ዛፍ መትከልና መጸለይ ብቻ ነው። (ዓመት ስጠቅስ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የኛን ሳነሳ እናገራለሁ።)

ከ40 በመቶው ልጀምር። ይሄን ቁጥር ከትምህርት ቤት ጀምሮ እየሰማን ነው ያደግነው፣ እኔም ቀበሌ ስብሰባ ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፣ አፈር ይብላኝ። አንድ ቀን ግን እስቲ ማን ቆጠረው ብዬ ራሴን ጠየኩ፣ በ1900 አካባቢ አውሮፕላን የለ፣ ሳተላይት የለ፣ ደን የሚቆጥር መሥሪያ ቤት የለ። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካንና ሌሎችም ዱካውን ተከትለው ሲሄዱ ያገኙት ነገር አንዱ ሪፖርት ከሌላው እየገለበጠ ያመጣው ቁጥር መሆኑን ነው፣ ከስሩ ቆጠራ የለም፣ ያለው ግምት ነው። ደግሞ ልብ ብላችኋል? እኔ ተማሪ እያለሁም «ከመቶ ዓመት በፊት» ነበር የሚባለው፣ አሁን ፀጉሬ ሸብቶም «ከመቶ ዓመት በፊት» ነው፣ ደኑ አብሮን ይራመዳል ማለት ነው።

ይልቅ በእጃችን ያለውን እንይ። አጼ ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ ከረጉ በኋላ ዙሪያው ተመንጥሮ ማገዶ ሲጠፋ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩት ሁሉ ተነስተው ነበር፣ ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። ይሄ የሆነው እንግዲህ ጸሐፊው አገሩ በደን ተሸፍኖ ነበር በሚሉን ዘመን ነው። እሺ እሱ ሰውና ሰራዊት አንድ ቦታ ስለተከማቸ ነው ይባል፣ እኔም እቀበላለሁ፣ ታዲያ ፎቶውንስ ምን እናድርገው? በ1868 የእንግሊዝ ጦር በናፒየር እየተመራ ከዙላ ተነስቶ በሰንዓፈ በአዲግራት በአሸንጌ አድርጎ መቅደላ ሲወጣ (በኛ 1860 መሆኑ ነው፣ አጼ ቴዎድሮስ የሞቱበት ዓመት) ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር የመጣው። ጃን ኒሰን የሚባሉ የቤልጅየም ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከ140 ዓመት በኋላ እነዛን ፎቶዎች ይዘው ጋራ ለጋራ እየዞሩ ፎቶ አንሺው የቆመበትን ድንጋይ ሁሉ ሳይቀር እየፈለጉ ያንኑ ቦታ እንደገና አነሱት። ምን ታየ መሰላችሁ፣ በ1868 ጋራው ራቁቱን ነው። በብዙዎቹ ፎቶዎች ላይ በኋላ የታየው ዛፍና ቁጥቋጦ ድሮ ከነበረው ይበልጣል፣ ከፊሉ ባሕር ዛፍ ቢሆንም። ይሄ ከቅርቡ የትግራይ ጦርነት በፊት የተነሳ መሆኑን አልዘነጋሁም፣ ጦርነቱ ስንት ዛፍ እንዳስጨረሰ የሰፈሩ ሰው ያውቃል፣ ክርክሩ ግን ስለ ድሮው ነው።

ከዛም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቅ፣ እኛ አገር ወሎ ውስጥ፣ ከታቹ የተነጠፈው ጭቃ በየዘመኑ የረገፈበትን የአበባ ብናኝ እንደ መዝገብ ይዞ ቁጭ ብሏል። ያንን ጭቃ በቱቦ አውጥተው የመረመሩ ሰዎች ያነበቡት ታሪክ እንዲህ ነው፣ ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ዝግባውና ጥዱ ተመንጥሮ ክትክታና ቁጥቋጦ ቦታውን ያዘ፣ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ በመካከለኛው ዘመን ጥድና ወይራ ተመልሶ በቀለ፣ ከዛ እንደገና ተመነጠረ። ደኑ ሄዶ መጥቶ ሄደ። ታዲያ የትኛው ነው «ድሮ»? ጸሐፊው የሚናፍቁት ደን ምናልባት ሁለተኛው ይሆናል፣ አንድ ጊዜ ከተመነጠረ በኋላ ሰው ሲሳሳ የተመለሰው።

እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ልቀበላቸው፣ ትልቅ ነገር ነው። ያው የፎቶ ማመሳከር ሥራ ያሳየው ሌላ ነገር አለ፣ በ1868 ጋራው ራቁት ቢሆንም በሸለቆው መሃል የሚወርዱት ወንዞች አብዛኞቹ ገር ነበሩ፣ አፋቸው አልተናደም፣ ጥልቅ ቦረቦር የበዛው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። ስለዚህ የሽማግሌዎቻችን ምስክርነት፣ «ይሄ ገደል በኛ ዕድሜ ነው የተከፈተ» የሚሉት፣ እውነት ነው፣ ጸሐፊው ይሄንን ሲጽፉ ትክክል ናቸው። ስህተታቸው ከሱ ተነስተው ሸለቆው ሁሉ በኛ ዕድሜ ተከፈተ፣ ከዛ በፊት ገነት ነበር ማለታቸው ላይ ነው። የአክሱምን ነገር ራሱ ብናነሳ ተመራማሪው ካርል ቡትዘር በ1981 ከተማዋ ለመዳከሟ አንዱ ምክንያት የአፈር መታጠብ ነው ብለው ጽፈው ነበር፣ ከሳቸው በኋላ የቆፈሩ ደግሞ ነገሩ እንደዛ ቀላል አይደለም ብለው ሞግተዋቸዋል። ማንም ይርታ ማን፣ የሚከራከሩት ከሺህ ዓመት በፊት ስለወረደ ጭቃ ነው።

የአባይ ሸለቆ የገበሬ ቁስል ነው የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ደጀን የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ ጆሮ እስኪደፈን ነው የሚወረደው፣ ከአፋፉ እስከ ወንዙ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። እስቲ ገበሬውን ጥፋተኛ እናድርገውና እናስላው፣ ደጋው ላይ ማረስ ከተጀመረ 3,000 ዓመት እንበል፣ 1,400ን ለ3,000 ስናካፍል ወንዙ በየዓመቱ ወደ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ዓለት እየበላ ወርዷል ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ ጢስ አባይ አጠገብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የአላታ ድልድይ ዛሬ ከስሩ ከ150 ሜትር በላይ የሆነ አዲስ ገደል መኖር ነበረበት። ድልድዩ ግን እዛው ነው፣ ሰውም አህያም ይሻገርበታል። ደጋችንን የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈልቶ የፈሰሰ ነው፣ ከዛ መሬቱ ቀስ እያለ ሽቅብ ሲነሳ ወንዙ ቁልቁል ቆረጠ፣ በዓመት ብናሰላው ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። የገበሬ ማረሻ እዚህ ውስጥ ምንም የለበትም። ቦረቦርና ሸለቆ አንድ ዓይነት ቅርጽ ስላላቸው አንዱ የሌላው ልጅ ይመስላል፣ አንደኛው ግን ዓለት ላይ በሚሊዮን ዓመት ሌላኛው አፈር ላይ በአምስት ክረምት የሚሠራ ነገር ነው።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ 1.5 ቢሊዮን ቶን። ቁጥሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ በ1980ዎቹ የተሠሩ ግምቶች አሉ፣ አንዱ 1.5 ሌላው 1.9 ቢሊዮን ቶን ይላል፣ እርግጥ ግምት ናቸው ግን ቁም ነገር አላቸው። ነገርዬው ምንድነው፣ ቁጥሩ የሚናገረው በየዓመቱ ከቦታው ስለተነቀለ አፈር ነው፣ ግብፅ ስለገባ አፈር አይደለም። ያ 1.9 ቢሊዮን ያለው የ1986ቱ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ጥናት ራሱ ከዚህ ውስጥ በወንዝ ተጠርጎ የሚወጣው 10 በመቶ ያህሉ ነው፣ ቀሪው እዛው ደጋው ላይ ሌላ ቦታ ይተኛል ነው ያለው። ሌላኛው ጫፍ ላይ ቆመን ብናየውም ይገጥማል፣ አባይ ድንበር ላይ ሲደርስ የሚሸከመው ደለል በዓመት 140 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ነው የሚባለው። 140 ሚሊዮን የ1.5 ቢሊዮን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ዘጠኙ እጅ የት ገባ?

ደግሞ 1.5 ቢሊዮኑ የመላ አገሪቱ ነው፣ ወንዞቻችን ሁሉ ወደ ግብፅ ይፈሳሉ ያለው ማነው? አዋሽ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዛው ይቀራል፣ ባሕር አይቶ አያውቅም። ኦሞ ያመጣውን ጭቃ ቱርካና ላይ አራግፎ መሬት እየሠራበት ነው። ዋቢ ሸበሌ ወደ ሶማሊያ ነው የሚሄደው። የሞጆ ገበሬ የተጠረገበትን አፈር ካይሮ ፈልጎ አያገኘውም፣ አዋሽ ላይ ያለው ቆቃ ግድብ ሄዶ ቢፈልግ ይሻለዋል።

የጣና ነገር ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል አባይ ክረምት ላይ ቡና መስለው ነው የሚገቡት፣ አባይ ከሐይቁ ሲወጣ ግን ጭቃውን አብዛኛውን አራግፎ ነው። ፎገራ ማለት እኮ ደለል ነው፣ ሜዳው በሙሉ እነዚህ ወንዞች እየሞሉ እየገለበጡ የሠሩት መሬት ነው፣ ያን ሁሉ ሩዝ የሚያበቅለው ከላይ ከጉና የወረደ አፈር ነው። ጸሐፊው «የደብረ ታቦር አፈር የግብፅ ጥጥ ሆነ» ብለዋል፣ አባባሉ ያምራል፣ ግን የደብረ ታቦር አፈር ከምንም በፊት የወረታ ሩዝ ነው የሆነው። ይሄ ሁሉ በነጻ የመጣ አይደለም፣ የርብ ወለል በደለል ከፍ እያለ ስለመጣ ክረምት ላይ ከአፉ እየወጣ ሰው ቤት ይገባል፣ ታች ያለው ሰው ጎርፍም መሬትም አብሮ ነው የሚቀበለው።

«ግብፅ ዛሬም የምታርሰው የኛን መሬት ነው» የሚለው ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። ድሮ አዎ፣ የአስዋን ትልቁ ግድብ ሳይሠራ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል በዓመት ይደርሳት ነበር፣ ከዛ ውስጥ ነጭ አባይ ያመጣው ከቁጥር አይገባም፣ ከአባይና ከተከዜ ነው። ከ1964 ጀምሮ ውሃው አስዋን ላይ ሲጠራቀም ግን ደለሉ ከግድቡ ኋላ፣ አብዛኛው እንደውም ሱዳን ድንበር ውስጥ፣ ወደ ዋዲ ሃልፋ አካባቢ እየተኛ ነው። የግብፅ ገበሬ ማዳበሪያ ይገዛል፣ በሮሴታ በኩል ያለው የባሕር ዳርቻዋ የሚመጣለት ደለል ስለቀረ ባሕሩ እየበላው ነው። እና ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከሎጂክ አንጻርም ጽሑፉ ራሱን ይጥላል። ሄሮዶቱስ ከ2,400 ዓመት በፊት ግብፅን የወንዙ ስጦታ ያላት ደለሉን አይቶ ነው፣ ፈርኦኖቹ ከሱም በፊት አገራቸውን «ጥቁሯ ምድር» ይሏት ነበር። ወንዞቻችን ከመቶ ዓመት በፊት ጥርት ያሉ ከነበሩ ያ ጥቁር መሬት ከየት መጣ? ወይ ወንዙ ድሮም ደፍራሽ ነበር ወይ ግብፅ ያለ ደለል ተሠራች፣ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም። እውነቱ እንደዚህ ያለ ከፍታና እንደዚህ ያለ ክረምት ያለው አገር ሰው ባይኖርበትም ጭቃ ይልካል፣ ሰው ሲጨመርበት ይበዛል፣ ምን ያህል ይበዛል የሚለው ነው ክርክር ያለበት።

እዚህ ጋ ስለራሴ ሰፈር ልናገር፣ ምክንያቱም «ማደሪያ» ያልኩት ነገር የገባኝ ወረቀት ላይ ሳይሆን እዛ ነው። ቤተሰቦቼ ያሉት ከሐይቅ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከጋራው ስር የጋራ ግጦሽ አለ፣ መሃሉ ላይ አንድ ቦረቦር፣ እኔ እረኛ እያለሁ ሮጠን የምንዘለው ነበር፣ አሁን ሰው ገብቶበት ቢቆም አናቱ አይታይም። ያኔም በኋላም ስንት ጊዜ አልፌበት አላየሁትም፣ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው አንድ መስከረም ላይ ውስጡ ገብቼ ግድግዳውን ያየሁት። ከላይ ክንድ የሚያህል ፈዘዝ ያለ ደለል፣ ከስሩ ጠጠርና አሸዋ የተቀላቀለበት፣ ከሱ ስር ቀጭን ቀጭን ንጣፍ፣ እያንዳንዱ የአንድ ጎርፍ ሥራ ይመስላል፣ ከዛ ታች ጉልበቴ ጋ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ዋልካ፣ የሳር ስር ዱካ ያለበት፣ በዋልካው ውስጥ ከሰልና የሸክላ ስባሪ። ስባሪው የድስት አፍ ነው። ሰው ድስት የጣደው እዛ ዋልካ ላይ ነበር ማለት ነው፣ ያኔ ሜዳው እሱ ነበር፣ ከዛ በኋላ ከሰው ቁመት ያላነሰ አፈር ከጋራው ወርዶ ከላዩ ላይ ተኛበት። ልጅ እያለን ሜዳ ነው ብለን ኳስ የተጫወትንበት ነገር የጋራው አፈር ነው። የትም አልሄደም፣ እዛው ሰፈራችን ነው ያደረው።

አሁን ደግሞ ቦረቦሩ የሚበላው ይሄንን ያደረ አፈር ነው። አያችሁ ልዩነቱን? ዛሬ ወንዝ ውስጥ የምናየው ጭቃ ሁሉ ዛሬ ከማሳ የታጠበ አይደለም፣ ብዙው ከመቶም ከሺህም ዓመት በፊት ከጋራው ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ የቆየ ነው፣ ሁለተኛ ጉዞ መጀመሩ ነው። ሸለቆ እንደ ጎተራ ነው፣ ይሞላል ይጎድላል። ትግራይ ውስጥ የሸለቆ ደለል እየቆፈሩ ያጠኑ ሰዎች ባለፈው 4,000 ዓመት ውስጥ ሸለቆው ሲሞላ፣ ከዛ ረግቶ አፈር ሲበስልበት፣ ከዛ ደግሞ እንደገና ሲሞላ ከአንድ ጊዜ በላይ አግኝተዋል። የኛ ብቻም አይደለም፣ ጳውሎስ የሰበከባት ኤፌሶን የወደብ ከተማ ነበረች፣ ወንዟ ወደቡን በደለል ደፍኖባት ፍርስራሿ ዛሬ ከባሕሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው የሚታየው፣ እዛም ሊቃውንቱ የአየር ጠባይ ነው፣ የለም ፍየልና ማረሻ ነው እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል።

ለምንድነው ታዲያ ተኝቶ የኖረው አፈር ድንገት የሚነሳው? ጸሐፊው «ዛፍ ስለተቆረጠ» ብለው አልፈውታል፣ እሱ አንዱ ነው። የኔን ሰፈር ብቻ ልንገራችሁ። ገበሬው ማሳው ውሃ እንዳይቋጥርበት በሰያፍ ፈሰስ ያወጣል፣ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ዘዴ ነው፣ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን የአሥራ ምናምን ሰው ፈሰስ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኘ ያ ፈሰስ መሆኑ ይቀርና ወንዝ ይሆናል። ከዛ መንገድ ተሠራ፣ ድሮ ሜዳው ላይ ተበትኖ የሚያልፈው ውሃ በሦስት ቱቦ ተሰብስቦ መውጣት ጀመረ። ከዛ ግጦሹ ሳሩ እስኪላጥ ተጋጠ። ከቱቦው አፍ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ተፈጠረ፣ ጉድጓዱ በየክረምቱ ወደ ላይ ወደ ላይ እየተናደ ተጓዘ፣ የቦረቦሩ ራስ የምንለው እሱ ነው፣ ግጦሹን ሰንጥቆ ማሳ ገባ። ጋራው ላይ አንድም ዛፍ በዛ ዓመት አልተቆረጠም፣ የሚቆረጥም አልነበረም።

ሕዳሴ ግድብ። ይሄኛው ላይ ስሜት ስላለበት ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። በመጀመሪያ ሦስተኛውና አራተኛው ነጥብ እርስ በርስ ይጣላሉ፣ አፈሩ ሁሉ ግብፅ ከገባ ግድቡን ምን ይሞላዋል? ግድቡን ከሞላ ደግሞ ግብፅ ምን ይደርሳታል? ከ2020 ወዲህ ጉባ ላይ ውሃ መያዝ ከጀመረ በኋላ ሸለቆውን ተከትሎ የሚወርደው ደለል ማደሪያው እዛው ቤኒሻንጉል ሆኗል፣ ተረቱን ማደስ ሳያስፈልገን አይቀርም።

ሂሳቡ ደግሞ ይኸውላችሁ። ግድቡ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። በ25 ዓመት ይሞላ ዘንድ በየዓመቱ ወደ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ጭቃ መግባት አለበት፣ የረጋ ጭቃ አንድ ሜትር ኩቡ 1.2 ቶን ገደማ ይመዝናል ብንል 3.5 ቢሊዮን ቶን ግድም ማለት ነው። ጸሐፊው ራሳቸው ግን ከመላ አገሪቱ የሚታጠበው 1.5 ቢሊዮን ነው ብለውናል! የራሳቸው ቁጥር በእጥፍ እንኳ አይደርስላቸውም። በ140 ሚሊዮን ቶኑ ከሄድን በዓመት የሚገባው 120 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አካባቢ ነው፣ ተርባይን የማይደርስበት የታችኛው ክፍል ብቻውን ወደ 15 ቢሊዮን ስለሚይዝ እሱን ለመሙላት ከመቶ ዓመት በላይ ይፈልጋል። ደለሉ በእጥፍ ነው የሚመጣው የሚል ካለ ደግሞ እሺ፣ 60 ምናምን ዓመት ይሁን። 25 ግን በየትኛውም በኩል አይመጣም።

ይሄን ካልኩ በኋላ ግን ጸሐፊው ፍርሃታቸው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ1966 የተሠራው የሱዳኑ ሮዜሬስ ግድብ 3.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ የነበረው በ40 ዓመት ውስጥ ከሲሶው በላይ በደለል ተይዞ ነው በ2013 ግንቡን አሥር ሜትር ከፍ አድርገው የጨረሱት። እዛው ሱዳን አትባራ ወንዝ ላይ ያለው ካሽም ኤል ግርባ ግድብ ከግማሽ በላይ ሞልቷል። ቆቃ፣ የጎንደሩ አንገረብ፣ ትግራይ ውስጥ በ1990ዎቹ የተሠሩት ትናንሽ ግድቦች፣ ያየ ያውቃል፣ አንዳንዱ የታሰበለትን ዕድሜ ግማሽ አልደረሰም። ትንሽ ማጠራቀሚያ ትልቅ ተፋሰስ ስር ከተቀመጠ ይሄ የማይቀር ነው፣ እና ጸሐፊው «ግድብ ስንሠራ ተፋሰሱን ረሳን» ያሉት ለነዚህ በትክክል ይሠራል። ሕዳሴን የሚለየው መጠኑ ነው፣ ከድሮው ሮዜሬስ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ደለል ታች ወርዶ ግንቡ ስር ብቻ አይቀመጥም፣ ወንዙ ሐይቁ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚሞት አሸዋውን እዛው መግቢያው ላይ ነው የሚጥለው፣ ደቃቁ ነው ወደ ግንቡ የሚሄደው። ስለዚህ 15 ቢሊዮኑ እስኪሞላ ምንም አይነካም ማለት አይደለም፣ ከላይ ያለው ውሃ መያዣ ቦታም ቀስ እያለ ይቀነሳል። የኔ ሂሳብ ስንት ዓመት እንደማይሆን ያሳያል እንጂ ችግር የለም አይልም።

የመጨረሻው፣ የሄደ አይመለስም የሚለው። ከጭንጫ ላይ የተጠረገ አፈር በኛ ዕድሜ አይተካም፣ እዚህ ላይ ጭራሽ አልከራከርም። ግን «ምንም ማድረግ አይቻልም» ከሱ አይመጣም። ኮንሶዎች ድንጋይ እየካቡ ስንት ትውልድ አፈራቸውን ይዘው ኖረዋል፣ ዩኔስኮ በ2011 የመዘገበው ያንን ነው። ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ ላይ ገበሬው ራሱ ጋራውን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ አድርጎ፣ ክትር ሠርቶ፣ ደርቆ የነበረ ጉድጓድ ውሃ ሰጥቶ በ2012 ዓለም አቀፍ ሽልማት ወስዷል። ያ ፎቶ የማመሳከር ሥራም ከ2000 ወዲህ ብዙ ቦረቦር መርጋት መጀመሩን አይቷል። አፈሩ አልተመለሰም፣ ሸለቆው ግን እንደገና መያዝ ጀመረ።

ዛፉስ? ዛፍ እወዳለሁ፣ በየክረምቱ እተክላለሁ። ነገር ግን ጠብታውን ከመሬት የሚያድነው መሬት ላይ የተኛው ሳርና ቅጠል ነው። ከስሩ የተጠረገ ባሕር ዛፍ ቁልቁለት ላይ ደርዘን አይቻለሁ፣ ከላይ አረንጓዴ ከታች ጎርፍ የሚያልፍበት። አራት ዓመት ከከብት የተከለለ ጭንጫ ያለ አንድ ችግኝ ከዛ የተሻለ ሲይዝም አይቻለሁ። ሌላው ደግሞ ጋራው ላይ ሥራው ሲሳካ ታች የሚደርሰው ውሃ ጭቃው ስለሚቀንስ ባዶ እጁን ነው የሚመጣው፣ ባዶ እጁን የመጣ ውሃ ደግሞ ሸክሙን ከወንዙ አፋፍና ከወለሉ ይወስዳል፣ ስለዚህ ላይ ሠርቶ ታች ቦረቦሩን መተው ሥራን በግማሽ መተው ነው። እኛ ሰፈር ይሄው ነው የሆነው፣ ጋራው ተከለለ፣ ጥድ ሳይቀር በቀለ፣ ቦረቦሩን ግን የነካው የለም ምክንያቱም ግጦሹ የማንም አይደለም።

ጸሐፊው በሐይቅ በኩል የሚያልፉ ከሆነ ደስ እያለኝ ወስጄ አሳይዎታለሁ፣ ከአስፋልቱ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። ድስቱን ግን ላሳይዎት አልችልም፣ ዓምና ጉልበቴ ጋ ነበር፣ ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ያ ጎን ተንዶ አብሮ ወርዷል። ታች በኩል እስከ መንደሩ መሻገሪያ ብቻ ነው የሄደው መሰለኝ፣ እዛ ጋ ውሃው ስለሚሰፋ አሸዋውን አራግፎ ያልፋል፣ ልጆቹ ነሐሴ ላይ የሸክላ ስባሪ ለቅመው ሱቅ ሱቅ ሲጫወቱበት አይቻለሁ።